«እጁ ቀድሞ ነካ እኮ!» የሱሞ ዳኝነት ጥያቄዎቻችሁና መልሳቸው

ባለፈው እትም ስለ ሱሞ፣ ስለ ጃፓኖቹ ትግል፣ ጥቂት መስመር ጻፍኩና ጉድ ፈላ። የመጣው መልእክት ስለ ኳስ ከሚመጣው አይተናነስም። ጎጃም ውስጥ ይሄን ያህል የሱሞ ተመልካች አለ ብሎ ማን ይገምታል? የሚገርመው ደግሞ ስለ ሰዎቹ ክብደትና ስለሚበሉት ምግብ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የጠየቀው ስለ ዳኝነት ነው። ማን ቀድሞ ነካ፣ ማን ቀድሞ ወጣ፣ ዳኛው ማንን በላ። የበላ ልበልሃ አገር ልጆች መሆናችን እዚህ ላይ ያስታውቃል።

ለአዲስ አንባቢ ሕጉን ላስታውስ። መጋጠሚያው ዶህዮ ይባላል። ከተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር የተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ነው፣ ላዩ ላይ በገለባ ጥቅል የታጠረ ክብ አለ። ክቡ ከዳር እዳር 4.55 ሜትር ነው። ቀድሞ ከክቡ የወጣ ይሸነፋል። ከእግሩ መርገጫ በቀር ሌላ የሰውነቱ ክፍል ቀድሞ መሬት የነካም ይሸነፋል። በኪሎ እየለዩ ማጋጠም የለም። ይኸው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኛ የሰፈር ልጆች ተሰብስበን የድሮ የሱሞ ግጥሚያዎችን በስልክ እናያለን። አንዱ ላይ ከላይ የነበረው ሰውዬ እጁ ቀድሞ አፈሩን ነካ። በዝግታ እያስኬድን ደጋግመን አየነው፣ ጥርጥር የለውም። ግን አሸናፊ የተባለው እሱ ነው! ይሄ ዐይን ያወጣ ሌብነት አይደለም እንዴ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አይደለም ወንድምዓለም። ዐይናችሁ ልክ ነው፣ ፍርዱም ልክ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሱሞ ዳኛ «ማን ቀድሞ ነካ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም። ከዚያ በፊት «የማን ነገር ቀድሞ አበቃ?» ይላል። ሰውዬው ሚዛኑን ስቶ ወደ ኋላ እየተገነደሰ ከሆነ፣ ተረከዙ ብቻ መሬት ይዞ የእግሩ ጣቶች ወደ ላይ ካዩ፣ ወይም ሁለቱም እግሮቹ አየር ላይ ሆነው ተመልሶ የሚቆምበት መላ ከጠፋ፣ ጃፓኖቹ «የሞተ አካል» ይሉታል። ገና መሬት ባይደርስም ለሱ ጨዋታው አልቋል። ከላይ ያለው ደግሞ መቶ ሃምሳ ኪሎ ምናምን የሚመዝን ሰው ነው። ያን ሁሉ ክብደት ታች ባለው ላይ እንዳለ ቢለቀው የጎድን አጥንት አይተርፍም። ስለዚህ እጁን ቀደም አድርጎ መሬት ላይ ቢያሳርፍ፣ ለተጋጣሚው አስቦ ነው ተብሎ ይታለፍለታል። ይሄ እጅ ካባይቴ ይባላል፣ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

የኛ እረኞች ሜዳ ላይ ሲታገሉ ከላይ ሆኖ የወደቀው አሸነፈ ይባላል። ክርኑ ቀድሞ ሣር ነካ አልነካ ብሎ የሚያጣራ የለም። ካባይቴም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ችግሩ ምንድነው፣ አስቦ ያሳረፈው እጅና ሊወድቅ ሲል የተደገፈበት እጅ በቪዲዮ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው የታችኛው ሰውዬ ሁኔታ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ እጁን ተዉትና የታችኛውን ሰውዬ እግር እዩ። ጣቶቹ መሬቱን ቆንጥጠው ከያዙ ገና በሕይወት አለ፣ የላይኛውም እጅ ሽንፈት ነው።

በዚህ ጉዳይ ስሙ የማይጠፋ ግጥሚያ አለ። በ1972፣ በጃንዋሪው ውድድር በስምንተኛው ቀን፣ ኪታኖፉጂ ከታካኖሃና ጋር ገጠመ። ኪታኖፉጂ ዮኮዙና ነው፣ ማለትም በሱሞ ከዚያ በላይ ማዕረግ የለም። ኪታኖፉጂ እግሩን ጠልፎ ከላይ ተጫነው፣ ታካኖሃና ወደ ኋላ ተለምጦም ወገቡን እያዞረ አልወድቅም አለ። የኪታኖፉጂ ቀኝ እጅ ቀድሞ አፈሩን ነካ። የመሐል ዳኛው ለታካኖሃና ፈረደ። ከዙሪያው ያሉት ዳኞች ወጥተው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩና ፍርዱን ገለበጡት፣ እጁ ካባይቴ ነው፣ ያሸነፈው ኪታኖፉጂ ነው አሉ። ሰው ዛሬም ይከራከርበታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እንደ ታካኖሃና ያለ ወገብ ያለውን ሰው ገና አየር ላይ እያለ ሞቷል ማለት ችኮላ ነው። ያን ሰውዬ ከዚያ ከባሰ አሳር ሲወጣ ያላየ ይፍረድበት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄም ስለሚያጨቃጭቅ። ተጋጣሚውን ብድግ አድርጎ ተሸክሞ ወደ ፊት ሲሄድ የራሱ እግር ቀድሞ ከክቡ ቢወጣ አይሸነፍም። ተሸክሞ ወደ ኋላ ሲወጣ ግን ይሸነፋል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ሱሞ ከኳስ በፊት ቫር ጀምሯል ይለኛል። አላመንኩትም። ደግሞስ አምስት ጥቁር የለበሱ ሰዎች ክቡ ላይ ወጥተው ሲንሾካሾኩ ምን እየተባባሉ ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጓደኛህ ልክ ነው፣ ያውም በብዙ። ቫር የዓለም ዋንጫ ላይ የገባው በ2018 ነው። ሱሞ ቪዲዮ ማየት የጀመረው በ1969 ሜይ ላይ ነው።

ያመጣውም አንድ ስህተት ነው። በዚያው ዓመት ማርች፣ ኦሳካ ላይ፣ ታይሆ የሚባለው ዮኮዙና 45 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ መጣ። በሁለተኛው ቀን የገጠመው ቶዳን ነው። ቶዳ እየገፋ ወደ ዳር ወሰደው፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ደረሱ። የመሐል ዳኛው ለታይሆ ፈረደ። ከታች ያሉት ዳኞች ተቃወሙ፣ ወጡ፣ ተነጋገሩ፣ ፍርዱን ለቶዳ ሰጡ። የታይሆ ጉዞ 45 ላይ ቆመ። በኋላ የቴሌቪዥኑ ምስልና የጋዜጦቹ ፎቶ ሲታይ ግን ቀድሞ የወጣው የቶዳ እግር ሆኖ ተገኘ። የታይሆ እግር ገና ውስጥ ነበር! የመሐል ዳኛው ልክ፣ አምስቱ ደግሞ ስህተት። አስቡት እንግዲህ፣ ሊያርሙ የወጡት ሰዎች ናቸው ያበላሹት። ውጤቱ አልተቀየረም፣ በሱሞ የተሰጠ ፍርድ ተሰጠ ነው። በሚቀጥለው ውድድር ግን ቪዲዮ ገባ። ታይሆ ምን አለ ብትለኝ፣ ዳኞቹን አልወቀሰም። እንዲህ የሚያጠራጥር ግጥሚያ የተጋጠምኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛው ነው ያለው።

አሁን አሠራሩ እንዲህ ነው። ክቡ ላይ ያለው የመሐል ዳኛ ግዮጂ ይባላል። ግጥሚያው እንዳለቀ በእጁ የያዘውን ማራገቢያ ወደ አሸናፊው ወገን ይቀስራል። መቀሰር ግዴታው ነው። ቢጠራጠርም «አላየሁም» ማለት አይችልም፣ «እኩል ናቸው» ማለትም አይችልም። ከክቡ ግርጌ በአራቱም ማዕዘን የተቀመጡት አምስት ዳኞች የቀድሞ ተጋጣሚዎች ናቸው፣ በጉልምስናቸው ለዳኝነት የተመረጡ። አንዱ ከተጠራጠረ እጁን ያነሳል። አምስቱም ወጥተው መሐል ላይ ይቆማሉ። ይሄ ሞኖ-ኢ ይባላል። ዋናው ዳኛ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አለው፣ ከቪዲዮ ክፍሉ ያሉት ያዩትን ይነግሩታል። ቪዲዮው ግን ምስክር እንጂ ፈራጅ አይደለም፣ የሚፈርዱት አምስቱ ናቸው። ግዮጂው ያየውን ቢጠየቅ ይናገራል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ቪዲዮ ከመጣም በኋላ ያልቀረ አንድ ነገር አለ። ከገለባው ውጭ፣ ክቡን ዙሪያውን ተከትሎ ስስ አሸዋ ይነሰነሳል። በየግጥሚያው መሐል በመጥረጊያ ይስተካከላል። ተረከዝ ሽው ቢልበት እንኳ ምልክት ይቀራል። ዳኞቹ ሲወጡ አንዳንዴ አንዱ አጎንብሶ አሸዋውን ሲያይ ታያለህ። ካሜራ ከጀርባ ሊጋረድ ይችላል፣ አሸዋ አይጋረድም።

ውሳኔው ከሦስት አንዱ ነው። የግዮጂው ፍርድ ይጸናል፣ ወይም ይገለበጣል፣ ወይም እንደገና ይጋጠሙ ይባላል። ከዚያ ዋናው ዳኛ ማይክ ይዞ ለአዳራሹ ሁሉ ይናገራል። ይሄን ነው የምወድላቸው። በኳሱ ዳኛው ጆሮውን ይዞ ቆሞ እኛ ስንጠብቅ ኖረናል። እዚህ ሁሉም ፊትህ ላይ ይወጣል፣ ፊትህ ላይ ይመካከራል፣ ፊትህ ላይ ይናገራል። የማልወድላቸው ደግሞ አለ። ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ አይነግሩህም። ምክንያቱንም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፉት፣ እሷም አንዳንዴ ግልጽ አይደለችም። «እግሩ ቀድሞ ወጥቷል ወይ የሚል ጥርጣሬ ተነስቶ ነበር፣ ተመካክረን የግዮጂው ፍርድ ይጽና ብለናል» ይልህና ይቀመጣል። እሺ ታዲያ እግሩ ወጥቶ ነበር ወይስ አልወጣም?

ጥያቄ፦ እኔና የእህቴ ባል ተወራርደናል። እሱ የመሐል ዳኛው ወገቡ ላይ ጩቤ የሚሻጠው ሲሳሳት ራሱን ሊገድልበት ነው ይላል። እኔ ለጌጥ ነው ባይ ነኝ። ውርርዱ በግ ስለሆነ እባክህ ቶሎ መልስ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በጉን አብራችሁ ብሉት፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ አግኝታችኋል።

ጩቤውን የሚይዘው ግዮጂ ሁሉ አይደለም። ቁንጮዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ የማዕረግ ስማቸው ኪሙራ ሾኖሱኬና ሺኪሞሪ ኢኖሱኬ ይባላል። ስሙ ከሰው ወደ ሰው ይወረሳል። ኪሙራ ሾኖሱኬ ከሁሉም በላይ ነው፣ የዕለቱን የመጨረሻ ግጥሚያ ይመራል። ጩቤው «ፍርዴ ቢበላሽ ሆዴን እቀድዳለሁ» የሚል የጥንት የኃላፊነት ምልክት ነው፣ እዚህ ላይ የእህትህ ባል ልክ ነው። ዛሬ ግን ማንም ራሱን አይወጋም፣ እዚህ ላይ አንተ። የቁንጮ ግዮጂ ፍርድ ሲገለበጥ ሰውዬው ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሄዶ ከሥራዬ ልነሳ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ «ወደፊት ተጠንቀቅ» ተብሎ ይመለሳል። ልማድ ነው፣ ግን ባዶ ልማድ አይደለም፣ ሰውዬው እያፈረ ነው የሚሄደው። ዝቅ ያሉት ግዮጂዎች ደግሞ ስህተት ካበዙ እድገታቸው ላይ ይታሰብባቸዋል።

ማዕረጉ የዋዛ እንዳልሆነ ይሄን ልንገራችሁ። የኪሙራ ሾኖሱኬ ወንበር 2015 ላይ ባዶ ሆኖ ተተኪ የተሰየመው በ2024 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ባዶውን ተቀመጠ።

ጥያቄ፦ እኩል ከወደቁ አቻ ብሎ ማለፍ ምን ችግር አለው? ሰውዬው ነፍሱ እስክትወጣ ታግሎ፣ «ድገሙ» ሲባል እኮ ያሳዝናል። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ እህቴ፣ ድሮ እንዳልሽው ነበር። ያልተለየለት ግጥሚያ «ይቆይ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1927 የቶኪዮና የኦሳካ ሱሞ ሲዋሃዱ ያ ቀረና እንደገና መጋጠም መጣ። ሁለቱም ተያይዘው ደክመው አንዱ አንዱን መጣል ሲያቅተው የሚሰጥ አቻ ግን ከዚያ በኋላም ነበር። በከፍተኛው ምድብ የመጨረሻው በ1974 ሴፕቴምበር የተሰጠው ነው። ከዚያ ወዲህ የለም።

ድገሙ መባሉ ያሳዝናል፣ ግን ከሁሉም የጸዳው ፍርድ እሱ ይመስለኛል። ዳኞቹ «እኛ መለየት አልቻልንም፣ እናንተው ለዩት» ማለታቸው ነው። ኳስ ላይ በጥርጣሬ ፍፁም ቅጣት ምት ከሚሰጥ እንዲህ ቢባል ስንቱ ጠብ በቀረ።

ይሄም ቢሆን ሁሉን አላስደሰተም። በ2015 ጃንዋሪ፣ አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ሃኩሆ ከኪሰኖሳቶ ጋር ገጠመ። ሃኩሆ ሞንጎላዊው ዮኮዙና ነው፣ 45 ዋንጫ ወስዶ በ2021 የተሰናበተ፣ ያን ያህል የወሰደ ከሱ በፊትም በኋላም የለም። የዚያን ቀን ካሸነፈ 33ኛውን ወስዶ የታይሆን 32 ይሰብራል። ሁለቱም ተያይዘው ዘጭ አሉ። ግዮጂው ለሃኩሆ ፈረደ፣ ዳኞቹ ወጡና እኩል ነው ድገሙ አሉ። ሃኩሆ በድጋሚው አሸነፈ፣ ዋንጫውንም አረጋገጠ። ታዲያ ምን ያናድዳል ትያለሽ? እሱ ግን ውድድሩ ባለቀ ማግስት ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ሕፃን ልጅ እንኳ ያየው ነበር ብሎ ዳኞቹን ወረፈ። አገሩ ተቆጣ። ዮኮዙና ዳኛ አይናገርም። አሰልጣኙ ይቅርታ ጠየቀ። በኛ አገር አሰልጣኝ ዳኛ መናገሩን ቢተው ጋዜጣዊ መግለጫው በምን ይሞላ ነበር?

ጥያቄ፦ ተጋጣሚው ራሱ ተበደልኩ ብሎ መከራከር ይችላል? (ከቡሬ)

መልስ፦ አይችልም። የተሸነፈ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ይወርዳል። የሚገርመው፣ ተራውን ጠብቆ ከክቡ ግርጌ የተቀመጠ ሌላ ተጋጣሚ ግን የሌላ ሰው ግጥሚያ ላይ እጁን አንስቶ ይታይልኝ ማለት ይችላል። ምክክሩ ላይ ግን አይገባም።

ሃኩሆ (አዎ፣ አሁንም እሱ) በ2017 ኖቬምበር፣ ፉኩኦካ ላይ ይሄን ሞክሮ ተወቅሷል። በአሥራ አንደኛው ቀን ከዮሺካዜ ጋር ሲጀምሩ አጀማመሩ ልክ አልነበረም ብሎ ለአፍታ ቆም አለ። ዮሺካዜ ምን ይጠብቃል፣ ገፍቶ አስወጣው። ሃኩሆ ከክቡ ውጭ ቆሞ እጁን አነሳ፣ ይታይልኝ አለ። ማንም ዳኛ አልተነሳም። እሱም ወጥቶ ሰላምታ ሳይሰጥ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ ትንሽ ይመስላል፣ በሱሞ ግን አዳራሹ ሁሉ አንገቱን የሚያስደፋ ነገር ነው። ዋንጫውን ያኔም እሱ ነው የወሰደው፣ 40ኛውን።

አጀማመሩ ራሱ የዳኝነት ጉዳይ ስለሆነ ላንሳው። «ጀምሩ» የሚል ፊሽካ የለም። ሁለቱ ፊት ለፊት አጎንብሰው እጃቸውን መሬት አስነክተው እኩል ሲነሱ ነው ግጥሚያው የሚጀመረው፣ መግባባት አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ግዮጂው ይመልሳቸዋል። ግዮጂው ዝም ካለ ግን ጨዋታው ሕያው ነው። ሃኩሆ የረሳው ይሄን ነው፣ ኳስ ላይ ፊሽካ ሳይነፋ እጁን አንስቶ እንደሚቆም ተከላካይ ሆነ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የልጅ ልጄ ነው ያስለመደኝ። አንዳንዱ ተፋላሚ ባላጋራው ሲመጣበት ዘወር ይልና ባዶ ያሳልፈዋል፣ ሰውዬው በራሱ ፍጥነት ይወድቃል። ይህ በእናንተ ዘንድ ጀግንነት ነው? ዳኛውስ ለምን ይፈቅዳል? (ከሞጣ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እርስዎ ያሉት ሄንካ ይባላል፣ ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ ዳኛው ምንም ሊያደርግ አይችልም። የሚፈርደው ተመልካቹ ነው።

ሕዝቡ ከዮኮዙና የሚጠብቀው ደረቱን ሰጥቶ ተቀብሎ እንዲያሸንፍ ነው። ትንሽ ኪሎ ያለው ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ሲመጣበት ዘወር ቢል ግን ብልጠት ነው ተብሎ ይሳቅለታል። በ2016 ማርች፣ ኦሳካ ላይ፣ በመጨረሻው ቀን ሃኩሆ ዋንጫውን በሚወስንበት ግጥሚያ ሃሩማፉጂን እንዲህ ዘወር ብሎ አሳለፈው። አንድ ሰከንድ እንኳ የፈጀ አይመስልም። ሃሩማፉጂም ዮኮዙና ነው፣ ሰው ሁለቱ ሲላተሙ ሊያይ ነበር የመጣው። አዳራሹ ጮኸ፣ ተሳደበ። ሃኩሆ ዋንጫውን ከተቀበለ በኋላ ማይክ ሲሰጠው እያለቀሰ ይቅርታ ጠየቀ። ዳኛ ያልቀጣው ሕዝብ ቀጣው። እኔ ግን፣ መምህር፣ ዐይኑን ጨፍኖ የሚሮጠውም ጥፋት አለበት ባይ ነኝ። ሃሩማፉጂ ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ አይወድቅም ነበር።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካ የገባ አለ ወይ? (ከደጀን)

መልስ፦ አለ፣ ግብፃዊ። ኦሱናአራሺ ይባላል። ከአፍሪካ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የሱሞ ተጋጣሚ ነው። በ2012 ጀመረ፣ በ2013 ኖቬምበር ከፍተኛው ምድብ ገባ። በ2014 ጁላይ፣ ናጎያ ላይ ደግሞ ካኩርዩንና ሃሩማፉጂን፣ ሁለት ዮኮዙናዎችን፣ በተከታታይ ቀን አሸነፋቸው። ያ ውድድር የዋለው ረመዳን ላይ ነበር። ሙስሊም ስለሆነ እየጾመ ነው የተጋጠመው። ናጎያ በጁላይ ሙቀቱ አይጣል ነው። ውኃ ሳይቀምስ ውሎ ዮኮዙና መጣል ምን እንደሆነ እዚህ ሁዳዴ የሚጾም ሰው አይጠፋውም። በኋላ መንጃ ፈቃድ ላይ በተነሳ ጣጣ በ2018 ከሱሞ ወጣ። በነበረው አቅም ከዚያ በላይ ይሄድ ነበር፣ ጉልበቱ ግን ቶሎ ቶሎ ይጎዳበት ነበር።

ጥያቄ፦ ፀጉር መሳብ ይቻላል? ቁጢታቸው፣ አናታቸው ላይ የተቋጠረው ፀጉር፣ ለመያዝ የተመቸ ይመስላል። (ከአዴት)

መልስ፦ አይቻልም። ቁጢቱን ይዞ የሳበ ወዲያው ተሸናፊ ይባላል። በቡጢ መምታት፣ ዐይን መጓጎጥ፣ ጉሮሮ ማነቅ፣ ጣት መጠምዘዝ፣ ሁለቱን ጆሮ በአንዴ በጥፊ ማላጋትም ክልክል ነው። በተዘረጋ መዳፍ ጥፊ ግን ይፈቀዳል፣ ያውም የሚያደነቁር ጥፊ! በ2003 ጁላይ አሳሾርዩ የክዮኩሹዛንን ቁጢት ስቦ በሕግ ጥሰት ተሸነፈ። እንዲህ የተሸነፈ የመጀመሪያው ዮኮዙና እሱ ነው። ሁለቱም ሞንጎላውያን ናቸው፣ ደግሞም አይዋደዱም ነበር። እጁ ቁጢቱ ውስጥ በአጋጣሚ ገባ ወይስ ሆን ብሎ ነው የሚለውን የሚያዩት አምስቱ ዳኞች ናቸው። ሞኖ-ኢ ብዙ ጊዜ ስለ እግር ይሁን እንጂ ስለ ፀጉርም ይጠራል።

ጥያቄ፦ መቼ መቼ ነው የሚተላለፈው? በኛ ሰዓት ስንት ሰዓት ላይ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ በዓመት ስድስት ጊዜ ነው፣ እያንዳንዱ 15 ቀን ይፈጃል። ጥር፣ ግንቦትና መስከረም ላይ ቶኪዮ፣ መጋቢት ላይ ኦሳካ፣ ሐምሌ ላይ ናጎያ፣ ኅዳር ላይ ፉኩኦካ። በፈረንጁ ወር ስለሚቆጠር ቀኑ ከኛ ወር ጋር ትንሽ ይዛነፋል። የጥር ወር ውድድር ሁልጊዜ ጥምቀትን ይዞ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ታቦት ሸኝታችሁ ስትመለሱ የዕለቱን ማየት ነው። ከላይ ባሉት ሁለት ምድቦች እያንዳንዱ በቀን አንድ ጊዜ ይጋጠማል። 8 ያሸነፈ ደረጃው ይጠበቅለታል ወይ ያድጋል፣ 8 የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ለዚህ ነው 7 ለ 7 ሆኖ የመጨረሻው ቀን ላይ የደረሰ ሰው የሚጋጠመው ግጥሚያ ከዋንጫው የማያንሰው። ሞኖ-ኢም ያን ቀን ሲጠራ ነው ልብ የሚሰቅለው፣ በአንዲት የተረከዝ ምልክት የሰውየው ደሞዝ ሊቀየር ይችላል።

ሰዓቱ ላይ አንድ የሚመች ነገር አለ። ጃፓን ከኛ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስለዚህ የጃፓን ግድግዳ ሰዓትና የኛ ግድግዳ ሰዓት እኩል ያነባሉ! እነሱ ዘንድ ከሰዓት በኋላ 3:40 ሲል እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 3:40 ነው። የከፍተኛው ምድብ ፕሮግራም በዚያ ሰዓት ግድም ይጀምርና 6:00 ገደማ ያልቃል። ሂሳብ አያስፈልግም፣ ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈውን ሰዓት እንዳለ ውሰዱት። ቀኑን ሙሉ ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ 5:30 ላይ ክፈቱ። ትልልቆቹ፣ እነ ሆሾርዩና ኦኖሳቶ፣ የሚገቡት መጨረሻ ላይ ነው። ኔትወርክ ከተቆራረጠባችሁ የጃፓኑ ኤንኤችኬ በእንግሊዝኛ የዕለቱን ዋና ዋና ግጥሚያዎች አሳጥሮ ያቀርባል፣ ማታ መብራት ሲመጣ ታዩታላችሁ።